ሁለት ጥማድ

ዕቁባችን አሥራ አንድ አባላት አሉት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዕጣ ወስዶ የጠፋብን ሰው የለም፤ ለአዲስ አበባ ዕቁብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ ለዓመት ጉዞ ይቀመጣል። ላንጋኖ ሄደናል፣ ወንጪ ሄደናል፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሶደሬ ወርደን ዋና የማይችሉት ሰባቱ ሰዎች የአራቱን ዋናተኞች ልብስ ሲጠብቁ ውለዋል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ከመካከላችን የጌዴኦ ተወላጅ የሆነው ጓደኛችን «ዘንድሮ ወደ እኛ ነው የምትመጡት» ብሎ ወሰነ። ዳራሮ ነው፤ የጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል። ጭፈራው፣ የአባ ገዳው ምርቃት፣ ገበሬው ምርቱን የሚያሳይበት ባዛር፣ ከዚያ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ ድንጋዮቹ። የዕቁባችን ዳኛ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ስንመለስ ሐዋሳ ላይ ጀልባ ካልተሳፈርን ገንዘቡ አይወጣም። ተስማማን፤ ወጣ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አሥር ቦታ ደውለን፣ ሚኒባስ ተከራይተን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ሐዋሳን ካለፉ በኋላ አገሩ ቀስ እያለ ይለወጣል። የስምጥ ሸለቆው ግራርና አቧራ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በየደጃፉ እንሰት ይጀምራል፣ ጩኮ አካባቢ ልጆች አናናስ በእጃቸው ከፍ አድርገው ከመኪና ጋር ይሯሯጣሉ። ዲላን አልፈን ወደ ወናጎ ስናቀና ደግሞ በግራም በቀኝም ዳገቱን የሸፈነ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ዳኛችን መስኮቱን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና «ይሄ ጫካ ግን መቼ ነው የሚያልቀው? ሰው የት ነው የሚኖረው?» አለች።

ጓደኛችን ሳቀ። «ጫካ አይደለም፤ ጓሮ ነው። ሰዉ ውስጡ ነው ያለው።»

ቃል በቃል እውነት ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847 ሺህ ያህል ነበር፤ የቆዳ ስፋቱ ደግሞ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው፣ ያውም የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ። ከአገራችን ገጠር እንዲህ ሰው የበዛበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ሰው በዝቶበት እንዲህ በዛፍ የተሸፈነ ደግሞ ይበልጥ ጥቂት ነው። በሌላው አገር ሰው ሲበዛ ዛፍ ያልቃል። እዚህ ዛፉን የተከለው ሰውየው ራሱ ነው።

የጓደኛችን ቤተሰቦች ከወናጎ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት። አባቱን ሁላችንም «አባባ» አልናቸው። ቡና ቀምሰን ሳንጨርስ ተነሥተው ማሳቸውን ሊያስጎበኙን ወጡ፤ ጉብኝቱ ሃያ እርምጃ ከሄድን በኋላ ቆመ፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ተክል ሥር የሚሉት ነበራቸው። ከላይ ትላልቆቹ ዛፎች አሉ፦ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ኮርች። ከነሱ ሥር እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቷል። ከእንሰቱ ጎንና ሥር ቡናው። መሬት ላይ ደግሞ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ቦታ የተረፈበት ላይ ባቄላ። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ዛፉን ነው፤ ከዛፉ እንሰቱ ላይ ይወርዳል፣ ከእንሰቱ ቡናው ላይ፣ አፈሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። የብርብራው ቅጠል ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ ማዳበሪያ ይሆናል። እንሰቱ ደግሞ ምግብ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ እህል በአንድ ወር ካልታጨደ ብሎ አያስጨንቅም። ቆሞ ይጠብቃል። ሲያስፈልግ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ቆጮና ቡላ ይወጣዋል። ቡናው ገንዘብ ነው፣ እንሰቱ እንጀራ ነው፣ ዛፉ ባንክ ነው። «ባንክ» ያሉት አባባ ናቸው፤ እኔ አልጨመርኩም።

ይህ ሁሉ ያለው ሁለት ጥማድ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታር።

በማግስቱ ዲላ ወረድን። ከተማዋ በሰው ሞልታ ነበር። ከየአቅጣጫው በባህል ልብስ የደመቀ ሰው እየጨፈረ ይገባል፣ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው በዝግታ ይሄዳሉ፣ ወጣቱ ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ጌዴኦ ባሌ የሚባል እንደ ገዳ ያለ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አባ ገዳው ሲመርቅ አደባባዩ ዝም አለ። ከኛ መሀል ጌዴኡፋ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር አሥራችን እሱን ከበን ቆምን። «ዝናቡ በጊዜው ይምጣ አሉ፣ መሬቱ ይጥገብ አሉ» እያለ ተረጎመልን፤ ቀጥሎ የተባለውን ግን መልሶ እኛን ረስቶ ራሱ «አሜን» ማለት ጀመረ።

ባዛሩ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ድንኳኖች፣ ጠረጴዛዎች፣ የፕላስቲክ ወንበሮች። የታጠበ ቡና በአንድ ሳህን፣ ደረቅ ቡና በሌላ ሳህን፤ ጠረኑ ግን ከሁለቱም አይመጣም፤ የሚመጣው ጥግ ላይ ሴቶቹ ከሚቆሉት ነው። ቡላ በላስቲክ ታሽጎ፣ ማር በጀሪካንና በብርጭቆ ማሰሮ፣ ከበሬ ቀንድ የረዘመ የበቆሎ ራስ «ምርጥ ዘር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ የተዳቀለች ጊደር ገመዷን እየጎተተች፣ አናናስ እንደ ወታደር ተሰልፎ። ይርጋጨፌ የሚለው ስም በየጠረጴዛው ላይ አለ። ስሙ ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጣ በ2007 ነው ስምምነት ላይ የደረሱት። ዳኛችን አምስት ኪሎ ቡና ገዛች፣ ተከራከረች፣ ተቀነሰላት፣ አሁንም ተከራከረች።

የጓደኛችን ታናሽ ወንድምም እዚያ ነበር። ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተደራጅቶ የተከተበ የአቮካዶ ችግኝ ይሸጣል። ጠረጴዛቸው ቆንጆ ነበር፣ ሰውም ይጠይቃቸዋል። አባባ ባዛሩን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ፣ የበቆሎውን ራስ በእጃቸው መዘኑ፣ ጊደሯን ጥርሷን አዩ፣ የልጃቸው ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ችግኙን እንደ ማንኛውም ገዢ «ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሳቀና ሁለቱን በነጻ ሰጣቸው። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሁሉንም ነገር አመጡት፤ አንድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን ያመጣ የለም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ቡናው ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እንሰቱ ብቻውን፣ ማሩ ብቻውን። የጌዴኦ ዕውቀት ያለው ግን በመካከላቸው ባለው ርቀት ላይ ነው፤ ምን ከምን ሥር፣ ምን ከምን ስንት ክንድ ርቆ። እሱ በድንኳን አይገባም።

ማታ ቤት ተመለስን። እማማ ቆጮ ጋግረው፣ ጎመን በቅቤ ሠርተው ጠበቁን። በቤቱ ውስጥ የአባባ ታናሽ ወንድም ከሚስታቸውና ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። እኚህ ሰው ከብዙ ዓመታት በፊት መሬት ፍለጋ ወደ ቀርጫ፣ ምዕራብ ጉጂ ሄደው ቡና ተክለው ነበር። ብዙ ጌዴኦ እንዲህ ሄዷል፤ ሁለት ጥማድ ለአምስት ወንድ ልጅ ስለማይበቃ። በ2010 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ሲነሣ ከጌዴኦም ከጉጂም በጠቅላላ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። እሳቸውም ከነቤተሰባቸው በእግራቸው ተመለሱ። ስለዚያ ጊዜ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም አላወሩም። ያወሩት ቀርጫ ስለቀረው ቡናቸው ነው፤ ስንት እግር እንደነበረ ቁጥሩን ያውቁታል።

ክርክሩ የተነሣው ከእራት በኋላ ነው። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። አንድ የጣውላ ነጋዴ አይቶት ዋጋ ጠርቶላቸዋል፤ ዋጋው ከቤቱ የአንድ ዓመት የቡና ገቢ ይበልጣል። ታናሽየው ይሸጥ ባይ ነው። ዋንዛው ከሄደ ፀሐይ ይገባል፣ ፀሐይ ከገባ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው ቁራጭ ላይ ጫት መትከል ይቻላል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ቡና አንዴ ነው።

አባባ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ጫት ጥላ አይወድም። መጀመሪያ ዋንዛውን ቁረጥ ይልሃል፣ ቀጥሎ ብርብራውን ቁረጥ ይልሃል። ዛፉ ሲሄድ ቡናው ይቃጠላል። ቡናው ሲሄድ እንሰቱ ብቻውን ይቀራል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ጎረቤቴ የሚረግመው እኔን ነው፣ አንተን አይደለም።»

ልጁም መለሰ፣ በአክብሮት፣ ግን መለሰ። «አባባ፣ ስለ ዛፍ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ተካፍለን ለኔ የሚደርሰኝ ግማሽ ጥማድ ነው። ግማሽ ጥማድ ላይ ዛፍ በእንሰት፣ እንሰት በቡና እያልኩ ብደራርብ ማን ታገባኛለች?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እማማ ከሁላችን በላይ ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ጉዳዩን ሶንጎ፣ ማለትም ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ፣ መውሰድ እንደሚችሉ ተናገሩ። ልጁ «ሶንጎ ይፈርዳል፣ ሶንጎ ግን ገንዘብ አይሰጥም» አለ። ክርክሩ በጌዴኡፋ ቀጠለ፤ ጓደኛችንም መተርጎሙን ተወ።

በዚያ ሌሊት ፍራሽ ላይ ተኝቼ የማስበው በባዛሩ መግቢያ ላይ ያየሁትን ባነር ነበር። መስከረም 2016 ላይ፣ ሪያድ ውስጥ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዲላ ሰው በደስታ የጨፈረበት ነገር ነው፣ ይገባዋልም። ግን ላሊበላ ሲመዘገብ የተመዘገበው ዐለት ነው፤ ማንም ጠዋት ተነሥቶ ላሊበላን ጣውላ ልሽጠው አይልም። እዚህ የተመዘገበው ሁለት ጥማድ ያላቸው ሰዎች በየቀኑ የሚወስኑት ውሳኔ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ የኢፉጋኦ የሩዝ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዝግበው፣ ወጣቱ እየሄደ እርከኑ ሲፈርስ በ2001 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2012 ፈጀባቸው። ታደሰ ኪጴ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የዶክትሬት ጥናቱን በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ርዕሱ ላይ አምስት ሺህ ዓመት ስለዘለቀ አኗኗር ይላል፤ መጨረሻው ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አለ። ባነሮች የጥያቄ ምልክት አይወዱም።

ለታናሽየው የማዳላ ይመስለኛል። እሱ ዛፍ የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ኑሮው ችግኝ መሸጥ ነው። ዓለም ሁሉ «ይህ የሰው ልጅ ሀብት ነው» ብሎ ያጨበጨበለት ማሳ ግን ጥበቃው የሚከፈለው ከእሱ የጋብቻ ዕድሜ ላይ ነው። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣል፣ ላኪው ስሙን ይሸጣል፣ እኛ በዕቁብ ገንዘብ መጥተን ንጹሕ አየር እንተነፍሳለን። ዋንዛው እንዳይቆረጥ ለሱ የሚከፍለው ማን ነው?

በሦስተኛው ቀን ይርጋጨፌ ደርሰን ተመለስን፤ ቱቱ ፈላንም አየን። በጌዴኦ ዞን ውስጥ በየቦታው የቆሙትና የወደቁት ድንጋዮች ከ10 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል፤ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸውን ከዚያ በፊት ከሚገመተው በአንድ ሺህ ዓመት አስረዝሞ ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወስዶታል። ቱቱ ፈላ ላይ ፊት የተቀረጸባቸው አሉ። ዳኛችን አንዱን የዕቁባችንን ጸሐፊ ይመስላል ብላ አብራው ፎቶ ተነሣች፤ በእርግጥም ይመስላል።

አባባ ከኛ ጋር ሐዋሳ ድረስ መጡ፤ ለዓይናቸው ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ጠዋት ታዩ፣ ጠብታ ታዘዘላቸው፣ ከዚያ አሞራ ገደል ዓሣ በላን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ መምህር እጃቸውን ከኋላ አጣጥፈው በመካከላችን ይመላለሳሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ያልደፈሩት ሾርባ ጠጡ። ጀልባው ላይ ስንደርስ «እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ያሉት አባባ ነበሩ፤ ዳኛችን ግን «ለአሥራ ሁለት ሰው ነው የተነጋገርኩት» አለች፣ አለቀ። ብርቱካናማውን ጃኬት በነጠላቸው ላይ አለበስናቸውና መሀል አስቀመጥናቸው።

መጀመሪያ ላይ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ውሃውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ነበር የሚያዩት። ሞተሩ ሲረጋጋ ቀና አሉ። ጉማሬዎቹ ጆሯቸውን እያራገቡ ሲወጡ ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ እሳቸው ግን ባለ ጀልባውን መጠየቅ ጀመሩ። ጥልቀቱ ስንት ነው? ውሃው ወዴት ይወጣል? ልጁ መውጫ እንደሌለው ነገራቸው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚገባለት እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም።

«የሚገባው ከወዴት ነው?»

«ከጥቁር ውሃ ነው አባባ፣ በዚያ በኩል።»

«ውሃው ምን ይመስላል፣ ክረምት ላይ?»

«ቡና በወተት ይመስላል» አለ ልጁ። ከዚያ በላይ ጨለለቃ የሚባል ሌላ ሐይቅ እንደነበረ፣ አያቱ ዓሣ ያጠምዱበት እንደነበር፣ አሁን ረግረግና የከብት ግጦሽ ብቻ እንደቀረ ነገራቸው። እውነት ነው፤ ከምሥራቅ ካለው ደጋ እየታጠበ የወረደ አፈር ነው የሞላው። አባባ ትንሽ ዝም ብለው «ደጋው ላይ ምን ዛፍ ነበረ?» አሉ። ባለ ጀልባው አላወቀም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ከየት ያውቀዋል? አባባ ግን እስከምንወርድ ድረስ ዓይናቸውን አጨንቁረው ጠብታ በገባበት ዓይናቸው ወደዚያ ወደ ደጋው ሲያዩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሞገዱ ሲንጠን ጮኸን፤ እሳቸው አልጮሁም።

መናኸሪያ ወስደን የዲላ መኪና ላይ አሳፈርናቸው፤ የተሰጧቸውን ሁለት የአቮካዶ ችግኞች እዚያው ወናጎ ረስተው ስለመጡ ሲቆጩ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ጓደኛችን የቤቱን ወሬ ነገረኝ። ሁለት ብርብራ ተቆርጧል፤ በገንዘቡ ለአጎትየው ቤት ቆርቆሮ ተገዛ። ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው ቁራጭ ለታናሽየው ተሰጥቶታል፤ ግማሹን ጫት፣ ግማሹን አቮካዶ ተከለበት። በተቆረጡት ብርብራዎች ቦታ አባባ አራት ችግኝ ተክለዋል። ዋንዛው እስካሁን አለ። ከነጋዴው ጋር በዋጋ ስላልተስማሙ ነው።